ዐሥራ አንደኛው መስመር

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ከተማው ሳይነቃ፣
ቅፄን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንዳያገኘው ጭቃ፣
ዳገቱን ወጣሁት ከሸዋ በር ማዶ፤
እግሬ ገና ለጋ፣
አፌ ግን የክፍሉን ትልልቅ ቃል ለምዶ፦
«ማብቃት»፣ «ጣልቃ ገብነት»፣ «የፍላጎት ዳሰሳ»፣
ለካ ያን ቀን ሁሉን ልረሳ።

ሉባባ፣ አለቃዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በር ያንኳኳች ሴት፣
ከቢሮው ደጃፍ ላይ እንዲህ ብላኛለች፣ የወጣሁ ዕለት፦
«አንኳኪና ቁሚ። ‹ግቢ› እስኪሉሽ ድረስ በሩ የነሱ ነው።
ከበርጩማቸው በላይ ከተቀመጥሽ፣ ጥያቄሽ ክስ ነው።
የሌለሽን ነገር ቃል አትግቢላቸው፤
እንባሽ ቢመጣ እንኳ፣ ስትወርጂ አልቅሺው፤ የራሳቸው አላቸው።
የሰማሽውን ደግሞ…» ብላ ሳትጨርሰው፣
የመሳቢያዋን ቁልፍ ጠምዘዝ አድርጋ አሳየችኝ። የገባኝ ያኔ ነው።

አባ ሙሄ ደጅ አንኳኩቼ ቆምኩኝ።
ቆምኩኝ።
ጉሙ አንገቴ ገባ።
ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉም ቀጥሎ፣ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፦
«የሰው ልጅ ከሆንሽ ግቢ!
የቀበሌ ከሆንሽ ግን እዚያው ደርቀሽ ቅሪ!»
ሁለቱንም ነበርኩ። ገባሁ።

ቅፁ ዐሥር ጥያቄ ነው።
«ሥራ?»
«ረዳት ነበርኩኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሐረጎ ቁልቁለት፣
ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በዚያ በጉም ክረምት፣
ሾፌር ገደል ሳያይ፣ እኔ ከበስተኋላ
‹ና! ና! ግራ ያዝ! በቃ!› ስል ነው የሚቆም፤ ፍሬን የለው ሌላ።»
«አብሮዎት የሚኖር?» «ረውዳ፣ የልጄ ልጅ። ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች።»
«ምግብ?» «አንዳንዴ።» «መድኃኒት?» «አንዳንዴ።»
«ጣሪያው ያፈሳል?» ቀና ብለው አይተው፣ ሳቁብኝ።
በየሳጥኑ ውስጥ ጫርኩ፣ እንደ ዶሮ፤
በልቤ ፈርጄ ጨርሼ ነበር ከጅምሮ፦
እሳቸው መጦሪያ፣ ልጅቱ ማሳደጊያ፣
ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ ማኅተም፤ በቃ፣ መደምደሚያ።

የበርጩማው ነገር ትዝ አለኝ።
እስክሪብቶዬን ከደንኩ።
«አባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?»
ዝም አሉ፤ ጉሙ በቀዳዳው ገብቶ
ምድጃውን ዞሮ እስኪወጣ ተመልሶ።
«ቅሬ» አሉኝ።
«ወርኃዊውን ባልከፍል ስሜን ሰረዙት። ዓመት አለፈው።
እህልስ ይገኛል፣ ጎረቤት አይጨክን፤
ስሞት ማን ይሸከመኝ? ረውዳ ብቻዋን?
ደግሞ ሰው ሲሞት፣ ሁሉ ሲጠራ፣ እኔን አይጠሩኝም።
ልጄ፣ ያልተጠራ ሰው፣ መሞት ቀርቶበት፣ አለሁ ማለት አይችልም።»

ቅፁን አገላበጥኩ፤ ለቅሬ መስመር የለውም።
ከዐሥሩ በታች፣ ከጠርዙ ባዶ ላይ፣ በእጄ አሰመርኩለት፦
«፲፩። ቅሬ።»

የቅሬው ዳኛ ደርቤ፣ ፒያሳ ጫማ ሻጭ፣ መዝገቡን ገለጠ፤
«ውዝፉ ብዙ ነው» አለ። «ሕግ ነው» አለ። «ትከፍያለሽ?» ብሎ አፈጠጠ።
ገንዘብ ነበረኝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፤ ባዶውን መለስኩት።
ብከፍል ኖሮ፣ አባ ሙሄን በቁማቸው በቀበርኳቸው።
«ለፋፊያችሁ ማን ነው?» አልኩት።
«ለፋፊ የለንም፤ በስልክ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ግማሹ ሰው ይቀራል።»
«ሐረጎ ላይ መኪና ያቆመ ድምፅ፣ ዳገቱ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።»
(ይህን ልናገር፣ አስቀድሜ እሳቸውን አስፈቅጃለሁ።)

አላለቀም። ረውዳ ጀሪካኑን አላወረደች፤
ክፍል የምትደርሰው ደወሉ ከተደወለ ነው።
ጣሪያው ያፈሳል። ሪፖርቴን የበላይ ቢሮ
«ውጤቱ በቁጥር የታለ?» ብሎ መለሰው፣ በቀይ ሞነጫጭሮ።

ግን አንድ ማለዳ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቧንቧ ውሃ፣
ጉሙ መንገዱን በልቶት፣
ከላይ መጣ፣ ከዳገቱ፦
«የላይ ሰፈር ቅሬ! ወይዘሮ ዘነቡ አርፈዋል! ኑ!
ኑ! ቀኝ ያዙ! ወንዝ ወንዙን! ቀኝ ያዙ! በቃ!»
ከኋላ ወንበር ልጆች ሳቁ።
ሾፌሩ ግን፣ ሽበታም ሰው ነው፣
ፍሬኑን ረግጦ፣
ቆመ።